የእሳት እራቷን ፎቶ ሳነሳ

ልጄ ከደጅ ስትገባ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ደፍና ነበር። «ማሚ፣ ዓይኔ እየነደደ ነው» አለችኝ። ምን ነክተሽ ነው ስላት በሌላው እጇ ወደ ውጭ ጠቆመች። ከበራችን አጠገብ፣ የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ የመዳፌን ግማሽ የምታክል የእሳት እራት ተለጥፋለች። ጥቁር ናት፣ ነጣ ያለ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት። ልጄ ይዛት ነበር፤ የክንፏ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀርቷል።

አገር ቤት፣ እኛ ሰፈር፣ የቢራቢሮ ብናኝ ዓይን ያጠፋል እየተባልን ነው ያደግነው። ቢራቢሮም ሆነ የእሳት እራት የነካ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ፊቱን አይነካም። እውነት ይሁን ውሸት ጠይቄ አላውቅም። ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ የሚነግረኝም አላገኘሁም። የሰባት ዓመት ልጄ ዓይን ሊጠፋ ነው ብዬ አመንኩ።

ወደ ቧንቧ ጎትቻት ዓይኗን በጣቴ ጠራረግኩላት። ባሰባት። «ማሚ፣ ስቶፕ፣ አትንኪኝ» እያለች ታለቅሳለች። ዓይኗ አብጦ ተከደነ። እኔ ደግሞ ብናኙ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ብዬ ይብስ ደነገጥኩ።

ወደ ፋርማሲ ልወስዳት እጇን ይዤ ስወጣ ከጎናችን የሚኖሩት የአገሬ ሰው፣ አባባ የምላቸው ሽማግሌ፣ ለቅሶውን ሰምተው በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። እሳቸው እዚህ ለንደን ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ እንግሊዝኛው ይቀናቸዋል። አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ ጉልበታቸውን አሳዩኝ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር።

«ፋርማሲ ገብተሽ ምን ነካት ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው?» አሉኝ።

«ቢራቢሮ እላለኋ፣ አባባ።»

«በአማርኛ? ያንቺ እንግሊዝኛ እኮ ሰላምታ ላይ ነው የሚያልቀው። ልጅቷ እንደሆነች እያለቀሰች ነው። የትኛዋ እንደሆነች እንዲያዩልሽ ፎቶ አንሺያትና ሂጂ።»

እኔ ፎቶ አላነሳም። ስልኬን የምታዝበት ልጄ ናት። ነጠላዬን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ እጄን እስከቻልኩት ዘርግቼ ስልኩን ተጫንኩት። መጀመሪያ የራሴ አውራ ጣት ወጣ። ሁለተኛው ባዶ ግድግዳ ነው። «ቅረቢያት እንጂ፣ አትነክስሽም» ይሉኛል አባባ፣ እሳቸው ከበራቸው ሳይወጡ። በሦስተኛው አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች፤ ዝንብ ትሁን ምን ትሁን አይለይም።

ልጄ ስታለቅስ ስሰማ ትንፋሼን ያዝኩና ክንድ እስከማይሞላ ድረስ ተጠጋሁ። ድንገት ክንፏን ከፈተችው። ከሥር ቀይ ናት፤ ወደ ብርቱካን የሚወስዳት ደማቅ ቀይ። ተጫንኩት። ፈርቻለሁ፣ ግን አልሸሸሁም። ደግሞም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ምን ታምራለች ብያለሁ።

ደረጃውን ወርደን ኬንቲሽ ታውን ዋናው መንገድ ላይ ካለው ፋርማሲ ገባን። ፋርማሲስቷ ሂጃብ ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ስልኩን ዘረጋሁላት። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ ኮምፒውተሯ ላይ ቼክ አደረገች፣ የእሳት እራቷን ስም ነገረችኝ። ከስሙ የገባኝ «ታይገር» የሚለው ብቻ ነበር። ነብር ናት ማለት ነው ብዬ ልጄን ወደ ራሴ ሳብኳት። እሷ ግን እንዲገባኝ ቀስ እያለች፣ በእጇም እያሳየችኝ፣ ይቺ ምንም አታደርግም፣ በበጋ በየግድግዳው አለች አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ደጅ ከመውጣቷ በፊት ምን ስትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት። ልጄ በእንግሊዝኛ መለሰችላት። «ቺሊ» የሚለውን ሰማሁ።

ጣቶቼን አየሁ። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ያመጣሁትን ቃሪያ ለእሁድ እንግዶች ስንግ ላደርገው ስሰነጥቅ ነበር። ፍሬውን የምታወጣልኝ ልጄ ናት፤ ትንሽ ጣት ለዚያ ይመቻል። ሰልችቷት ወደ ደጅ የወጣችው በዚያው እጇ ነው። እኔም ዓይኗን የጠረግኩት በዚያው እጄ። የእሳት እራቷ ምንም አላጠፋችም፤ ልጄን ሳቃጥላት የነበርኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት እናት ነሽ እስክትለኝ አቀርቅሬ ጠበቅኩ። ፋርማሲስቷ ግን እናቷም ቤት እንዲህ እንደሚሆን ልጄን አስተርጉማ ነገረችኝና ፈገግ አለች።

ሁለታችንንም በሳሙና ደጋግማ አስታጠበችን። ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጣ በትንንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያለ ንጹሕ ውሃ ዓይኗ ላይ አፈሰሰች፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ከፈተች። ለቅሶው እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ዓይኗ ተከፈተ። በርበሬ መስሎ ቀልቷል፤ ግን ተከፍቷል።

አላመንኩም። ደህናውን ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢልኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ትክክል ትሁን አትሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ፋርማሲስቷን አየኋት። ከልጄ ጋር እያነበበች ኖሮ፣ አንድም አልሳተችም አለችኝ።

እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ ብዬ ለአባባ ደወልኩላቸው።

«ልጄ ታያለች» አልኳቸው። «ደህና ነን፣ አባባ።»