ዕድራችንን ሊበትን የነበረው ዜና

ዜናውን ስልኬ ላይ፣ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያየሁት ከሜክሲኮ ወደ ቂርቆስ በታክሲ ስመለስ ነው። «ከካዛንቺስ ቀጥሎ ተረኛው ቂርቆስ» ይላል ርዕሱ። ከሥሩ ግማሽ ግድግዳ የቀረው ቤትና አንድ ቢጫ ኤክስካቫተር አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅም ያንኑ ፎቶ በጣቷ እያሰፋች ታያለች። ሰፈር ስደርስ ያላየው ሰው አልነበረም።

የምንኖረው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በቀበሌ ቤት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተን ነው። ካዛንቺስ የነበሩ ዘመዶቻችን ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ከሄዱ ወዲህ በራችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያወጣል። የዘመዶቻችን ዕድር አባላቱ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። የእኛ ዕድር ይህ እንዳይደርስበት ፈርቶ ገና አፍራሽ ሳይመጣ ንብረቱን ለመከፋፈል እሁድ ስብሰባ ጠራ።

ጎረቤታችን ወሬውን አልጋ ላይ ሆነው ሰሙ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። ድምፃቸው ግን ዛሬም መንገድ የሚያስለቅቅ ነው።

«አንተ ገጣሚ! ና እስቲ።»

ገባሁ።

«ዕድሩን ሊሸነሽኑት ነው አሉ። እኔንስ እንዴት ሊያደርጉኝ ነው? እግሬን ለአንዱ፣ ራሴን ለሌላው?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ምን ኧረ ትለኛለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀብር ኖሬ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ድንኳን የለም። አንተ እንደሁ ያን ስልክ ስትጎረጉር ነው የምትውለው። እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት እውነት ይሁን ውሸት አጣራልኝ።»

እሺ አልኩ። ከወጣሁ በኋላ ነው ምን እንደተሸከምኩ የገባኝ።

ዜና እንዴት እንደሚመዘን ያስተማረኝ የለም። ግጥምንም ራሴው ነኝ የተማርኩት፤ ቃል በቃል እየመዘንኩ። ድረ ገጹንም እንደዚያው አነበብኩት። ባለሥልጣን ሲናገር «አመኑ» ይላሉ፣ ወንጀለኛ ይመስል። ተቃዋሚ ሲናገር «አጋለጡ» ነው። በዓል በሰላም ሲያልቅ እንኳ «በሰላም ተጠናቀቀ ተባለ» ብለው ጽፈዋል። ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበሉ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል ያሉትን፣ መንግሥትን የሚደግፉትን ድረ ገጾች ስከፍት ደግሞ ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚነሳው እያጨበጨበ ነው፤ ስለ ቂርቆስ ግን አንድ መስመር የለም።

እፎይ ልል ስል የመጀመሪያው ድረ ገጽ ሰዎች ስለ ካዛንቺስ ምን ብለው እንደነበር ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩ። ሌላው ሁሉ ዝም ባለበት ጊዜ እነሱ ጽፈውታል፤ ማፍረሱ ከየትኛው መንገድ እንደሚጀመር ጭምር። ያሉት ሆነ። ታዲያ መንግሥትን አይወዱም ብዬ ብቻ እንዴት ውሸታሞች ናቸው ልበል?

ሁለቱን ዜናዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። በካዛንቺሱ ላይ ነዋሪዎችን አነጋግረዋል፤ የደብዳቤ ፎቶ አለ፤ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው መልስ እንደተነፈጉ ጽፈዋል። በእኛው ላይ «ታማኝ ምንጮች» ብቻ። ከየት እስከ የት እንደሆነ የለም፣ መቼም የለም። ፎቶውን ሳሰፋው ደግሞ ግድግዳውን አወቅኩት። ካዛንቺስ የነበረ ጭማቂ ቤት ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙ ላይ የተሳለውን አቮካዶ እያየሁ ብዙ ቀን ተቀምጬበታለሁ። ወዲያው «ፎቶው የቂርቆስ አይደለም፤ ምንጫችሁ ማነው?» ብዬ ጻፍኩላቸው። መልእክቴን እንዳነበቡት ያሳያል። አልመለሱም።

እሁድ በስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ ጀመሩ። «እነዚህ መንግሥትን የሚጠሉ ናቸው። ከሚጠላ ሰው እውነት አይገኝም።»

የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁት ሴትዮ ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ሊቀመንበር! የእርስዎን ጉድ የምሰማው ከሚጠሉዎት ሰዎች አይደል እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ተነሳሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ተናገርኩ።

«ልጄ፣ አሳጥርልን» አሉ ሊቀመንበሩ። «እውነት ነው ውሸት?»

«አላውቅም። ማለቴ፣ ሰዎቹ ወገንተኛ ናቸው፣ ግን ከዚህ በፊት እውነት ጽፈዋል። ይሄኛው ዜና ግን ማስረጃ የለውም፤ ፎቶውም የሌላ ሰፈር ነው። በዚህ ዜና ብቻ ዕድር አይበተንም።»

«በቃ፣ ይሄም ፖለቲከኛ ሆነ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ጋሼ ንገርልኝ ብለው የላኩትንም ነገርኳቸው፦ «እኔን ቅበሩና ተከፋፈሉ።» ዕቃ ጠባቂዋ ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ ሰውዬው እየተነፈሰ ድንኳኑን አልቆርጥም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ወረዳው ራሱ ጠርቶ እስኪነግረን ምንም አይነካም ተባለ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ወረዳ ሄደው ጠየቁ። «እስካሁን የደረሰን ነገር የለም» ብለዋቸዋል። ያቺ «እስካሁን» የምትባል ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ድረ ገጹ ደግሞ ርዕሱ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ጨምሯል፤ ተሳስተናል አላለም፣ ፎቶውንም አላነሳም።

ለጋሼ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የፈለጉት አንድ ነገር ነበር።

«ድንኳኑ አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«ጎሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ግን አላረፍኩም። ድንኳኑ የቆየው በእኔ ቃል ጭምር ነው፤ ነገ ዜናው እውነት ሆኖ ሁላችንም ብንበተን እሳቸውን የሚቀብር አይኖርም። ቶሎ ይሙቱ አልል፣ ቢቆዩ ደግሞ ሞታቸው ይቅደም የሰፈራችን መፍረስ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ በግድግዳው በኩል ሲያስሉ እስክሰማ እጠብቃለሁ። ከዚያ ድረ ገጹን እከፍታለሁ።