ጌታ ያላሳየኝን አየሁ ያልኩበት ዓርብ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጄ አልነገርኩም፣ ለሽማግሌዎች አልነገርኩም። ለእግዚአብሔርም ቢሆን በግልጽ አልነገርኩትም፤ እሱ ያውቀዋል እያልኩ ዙሪያውን ስዞር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እናንተ ይህን የምታነቡ ፊታችሁን አላየውም፤ ለእናንተ መጻፍ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ሌላውን ግን ቶሎ ይቅር አትበሉኝ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

እኔ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ደግሞ በጌታ ስም ነው። ጌታ ሳያሳየኝ "ጌታ አሳየኝ" ብዬ በጉባኤ መካከል ቆሜ ተናግሬ፣ የራሴን ልጅ ቤት አስቀርቼ የሰው ልጅ እንድትላክ አድርጌአለሁ።

የተወለድኩት ዳምቦያ አጠገብ ነው፤ ወደ ሆሳዕና የመጣሁት አግብቼ ነው። ምህረት የመጀመሪያ ልጄ ናት። በስምንት ወሯ ደረቷ ታፍኖ ጡት መጥባት ስታቆም፣ አቅፌአት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና በሰው ሁሉ ፊት "ጌታ ሆይ፣ ብታተርፋት ያንተ ናት፤ ወደ ወደድክበት ላካት" ብዬ ሰጠኋት። ተረፈች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ቃል አይረሳም። ስታድግ ሴቶቹ ጉንጯን እየያዙ "የጌታ ዕቃ" ይሏት ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሰጠሁ ማለት ደስ ይላል፣ የሚወስድ እስኪመጣ ድረስ።

የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ማጠብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ምስጋናዬ ይሁን ብዬ በየቅዳሜው አጥብ ነበር። አብራኝ የምታጥበው እህት ደሳለች ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አስቴር የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ያለቻት ሴት ናት። አስቴርና ምህረት አብረው ተምረው፣ አብረው ነርስ ሆነው ተመረቁ። ደሳለች ሥራ ላይ ቀልድ ትወዳለች።

"የምህረት እናት፣ እንዲህ ፈትገሽ ፈትገሽ ሲሚንቶውን ጨርሰሽ አፈሩ ላይ ልታደርሺን ነው?" ትለኛለች።

"አንቺ ደግሞ ጥጋ ጥጉን መላእክት ይጥረጉት ብለሽ ትዘያለሽ" እላታለሁ።

ሴቲቱ ይህች ናት። የበደልኩት ጠላቴን አይደለም።

ከኦሞ ወዲያ፣ ቆላ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ጉባኤ ጥያቄ መጣ። ጤና ጣቢያ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው፣ እናቶች በወሊድ ይሞቱብናል፣ ነርስ ላኩልን አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ምህረትን አሰቡ። አስቴር ለእናቷ ብቸኛ ስለሆነች ትቅር፣ ምህረት ግን እህትና ወንድሞች አሏት፣ ደግሞም የተሰጠች ልጅ ናት አሉ። ምህረት ስትሰማ ፊቷ በራ። "እማ፣ ልቤ ከድሮም እንዲህ ያለ ቦታ ነበር" አለችኝ።

እኔም "የጌታ ፈቃድ ይሁን" አልኩ። በአፌ አልኩ። በሆዴ ግን ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ነው የመጣልን። ብርድ ልብሱን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስንቷ እናት ፈርታ ልጇን ልካለች? ፈራሁ ብል፣ አትውሰዱብኝ ብል ነውር አልነበረውም። እኔ ግን ፍርሃቴን ጌታ ብዬ ጠራሁት።

በእኛ ዘንድ ሰው ከመላኩ በፊት ሦስት ዓርብ ይጾማል። በሦስተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚጸልዩት ሰዎች ይሰበሰቡና "ጌታ ያሳየው ነገር ያለ ይናገር" ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይመዝኑታል። ብዙ ጊዜ ማንም አይናገርም፤ የሚላከው ሰው እጅ ተጭኖበት ይሄዳል።

በመጀመሪያው ዓርብ "ፈቃድህ ይሁን" ብዬ ጸለይኩ። በሁለተኛው "ፈቃድህ ይሁን፣ ግን…" ብዬ ቀረሁ። በሦስተኛው ምንም አልጸለይኩም። የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። አዎ፣ አዘጋጅቼዋለሁ። ድንገት ከአፌ ያመለጠኝ ነገር አይደለም። ጠዋት ልብስ ሳጥብ ቃል በቃል እየደጋገምኩ ለመድኩት።

ሽማግሌው ጋሽ ሀንዲሶ "ያየ አለ?" ሲል ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰዎቹ መንፈስ መሰላቸው።

"ጥቁር ውሃ አየሁ" አልኩ። "ምህረት ልትሻገር ስትል ውሃው መለሳት። ማዶ ግን ነጭ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ፊቷን ሳየው አስቴር ናት።"

የተናገርኩት በአማርኛ ነው። እኔ በጉባኤ የምጸልየው በከምባትኛ ነበር፤ ሀዲይኛ የሚናገሩትም ለምደውኛል። ያን ቀን ግን በእናቴ ቋንቋ መዋሸት አቃተኝ።

ጋሽ ሀንዲሶ መነጽሩን አወለቀና አየኝ። "የምህረት እናት፣ ጌታ ነው ወይስ የእናት ሆድ ነው?"

በሩን ከፍቶልኝ ነበር። "የእናት ሆድ ነው" ብል ማን ይፈርድብኝ ነበር? ሴቶቹ አብረውኝ ያለቅሱ ነበር። እሱም ይህን እንድል የፈለገ ይመስለኛል። አፌን ከፈትኩ።

"ጌታ ነው" አልኩ።

ከኋላ አንዷ "ይህች ሴት ሃያ ዓመት በጉልበቷ ወለል ያጠበች ናት፤ በጌታ ስም አትቀልድም" አለች። ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው። ሃያ ዓመት በትሕትና አገለገልኩ የምለውን አገልግሎት አውጥቼ ውሸት ገዛሁበት።

ደሳለች ከጎኔ ነበረች። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ "ጌታ ከተናገረ እኔ ማን ነኝ?" አለች። ወደ እሷ አልዞርኩም። አጠገቤ ነበረች፣ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፣ አልዞርኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስቴርን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ እያሰረ "እናቶች፣ ቶሎ አልቅሳችሁ ጨርሱ፣ መኪናው ሊወጣ ነው!" ብሎ ጮኸ። ደሳለች ሳቀች። "እኔ መች አለቀስኩ? የምታለቅሰው እሷ ናት" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እውነቷን ነው። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ፤ ሰዎቹም ምን ያለ ፍቅር ነው አሉ።

ስንመለስ ምህረት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "እማ፣ ጌታ እኔን ለምን አልፈለገኝም?"

"መንገዱ ከመንገዳችን ይለያል" አልኳት። አያችሁ? የእግዚአብሔርን ቃል እንኳ የውሸቴ ተላላኪ አደረግኩት።

ያቺ ልጅ ትዘምር ነበር። በዚያው ዓመት መዘምራንን ተወች። ዛሬ ሺንሺቾ አግብታ እዚያው ትሠራለች፤ ጤነኛ ናት፣ ልጆች አሏት። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አገልግሎት ሲጠይቋት "ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔን አንድ ጊዜ መልሶኛል" ትላለች። ከወባ አዳንኳት ብዬ ነበር። ከምን አዳንኳት?

አስቴር ግን እዚያው ቀረች፤ እዚያው አገባች። በእነዚህ ዓመታት የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ወባ ጣላት። በጣላት ቁጥር ጸሎት ይታወጃል፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። ሰዎቹ ለአስቴር የምጮህ ይመስላቸዋል። እኔ "በእኔ እጅ እንዳትሞት" እያልኩ ለራሴ ነበር የምጮኸው። ስልክ በጠራ ቁጥር የአስቴር መርዶ ይመስለኛል። ዛሬም ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የደሳለች ዓይን ደከመ። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ትለያለች። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ውሃ በጄሪካን እወስድላታለሁ፣ ልብሷን አጥባለሁ፣ ቤቷን እጠርጋለሁ። አገልጋዩ መድረክ ላይ ቆሞ "ማገልገል ከፈለጋችሁ የምህረትን እናት ተመልከቱ" ብሎ ያውቃል። ማገልገል ነበር እንዴ? መደበቅ ነበር። በጄሪካን ጀርባ ተደብቄ ነበር።

አስቴር የልጇን ፎቶ ስትልክ ደሳለች ስልኩን ትሰጠኛለች።

"በደንብ እይልኝ፤ ማንን ይመስላል?"

"አፍንጫው ያንቺ ነው።"

"ምስኪን! ከእኔ ሌላ የሚወርሰው አጣ?" ትልና ትስቃለች። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ፣ ማየት እንደማትችል እያወቀች፣ ወደ ዓይኗ ታስጠጋዋለች። ከፊቷ ተቀምጬ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም።

ያለፈው እሑድ የጌታ እራት ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከእራቱ በፊት ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ ሆነን እግር እንተጣጠባለን። በልቡ ነገር የያዘ ያን ጊዜ ተናግሮ ይቅር ይባባላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከደሳለች ርቄ እቀመጥ ነበር። ያለፈው እሑድ ግን እጇን የያዘቻትን ሴት "ወደ ምህረት እናት ምሪኝ" ስትል ሰማሁ።

የምሸሽበት አልነበረም። በዳሰሳ ፊቴ ተንበረከከች። ጫማዬን ራሷ አወለቀችልኝ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። እግሬን ሳህኑ ውስጥ ይዛ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ ተናገረች።

"የምህረት እናት፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያኔ አስቴር ልትሄድ ስትል ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄን አስቀርልኝ ብዬ ጌታን ለመንኩት። ዝም አለኝ። አልሰጥም ልላቸው ወስኜ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ልሄድ ጫማዬን አድርጌ ነበር። በር ላይ ስደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ። 'ጌታ ነው' ያልሽው። በእሱ ላይስ አልነሳም ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ያን ቀን ባትናገሪ ኖሮ ጌታን እምቢ ብዬው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

እግሬ እጇ ውስጥ ነበር። የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር፤ ለዚህ የተሠራ ሰዓት ነበር።

"አሜን" አልኩ። እንደገና ዋሸሁ።

ከእሑድ ወዲህ ይህን ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። እሷ ለእግዚአብሔር እጅ ሰጠች፤ መስጠቷ እውነት ነው። ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆማ ጫማዋን ያወለቀችው ለእኔ ፍርሃት ነው። እኔስ? ሃያ ዓመት በጉልበቴ ወለል ላይ ስንበረከክ አንድ ቀን እንኳ ፈቃዴን ይዤ ተንበርክኬ አላውቅም። ጉልበቴ ተንበረከከ፤ እኔ ቆሜ ነበር።

አውቃለሁ፣ ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። አስቴር እዚያ ስንት ሕፃን አዋልዳለች፣ ስንት እናት አትርፋለች፣ እግዚአብሔር ክፉውን ለበጎ አደረገው ይሉኛል። እኔም በልቤ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን "እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው" ያለው ጉድጓድ የተጣለው ዮሴፍ ነው። የጣሉት ወንድሞቹ ይህን ቃል ለራሳቸው አልተናገሩትም። እኔም አልናገረውም። ደሳለች ልትለው ትችላለች፤ አስቴር ልትለው ትችላለች። ባይሉትም መብታቸው ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ውሃ የምወስድበት ቀን ነው። ጄሪካኑን በር ላይ አስቀምጬ፣ መጥረጊያ ሳልነካ፣ ይህን ወረቀት አነብላታለሁ። የቀልድና የእንባ ጊዜ ሳልሰጣት እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ካቆምኩ እንደምዋሽ ራሴን አውቀዋለሁ። ከእሷ በኋላ ጋሽ ሀንዲሶ ዘንድ፣ ከዚያ ሺንሺቾ ወርጄ ምህረት ዘንድ እሄዳለሁ። "አልፈለገኝም" እያለች የኖረችው ልጄ፣ የመለሳት ጌታ ሳይሆን እናቷ እንደሆነች ከእኔ አፍ ትስማ።

ደሳለች ውጪልኝ ብትለኝ እወጣለሁ። ውሃውን ግን በሩ ላይ ትቼላት እሄዳለሁ፤ እንድትምረኝ አይደለም፣ ሐሙስ ስለሆነና ውሃ ስለሌላት ነው።

ጌታ ሆይ፣ ይህን ስጽፍ ምንም አላሳየኸኝም። አሳየኸኝም አልልም።