የአርብ ሶኬት

ጋሽ ሙሐዲን ከሸጎሌ በታች ባለው ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ መዝገብ ቤት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሠሩ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ወር ነው።

ድሮ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነበሩ፤ እሳቸውና ፀሐዬ። የሠራተኛው ሁሉ የአገልግሎት ዘመን በወረቀት ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ፀሐዬ ስም ሲጠራ፣ እሳቸው ሳያዩ እጃቸውን ሰደው ያወጡ ነበር። በኋላ አንድ ኮምፒውተር መጣ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል፤ ስለዚህ አርብ አርብ ለጁምዓ ሲወጡ፣ ፀሐዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «አንተ ሂድ፣ እንዳትዘገይ። እኔ እነቅላለሁ» ይላቸው ነበር። ፀሐዬ ከሞተ ወዲህ የሚነቅሉት ራሳቸው ናቸው።

ወረቀቱም ሄደ። ኮምፒውተር እያለ ምን ያደርጋል ተብሎ በኪሎ ተሸጠ። አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ቆሎ ገዝተው ሲፈቱት፣ መጠቅለያው የፀሐዬ እጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኙት። ቆሎውን ኪሳቸው ገለበጡና ወረቀቱን አጥፈው ያዙ።

አምና የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሚልካ፣ የመዝገቡን ቅጂ በራሱ እየወሰደ አንዲት ጥቁር ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አስገባች። ባክአፕ ትለዋለች። ሳጥኗን እንዳይነኩባት ለመነቻቸው። አርብ ሲደርስ ግን እጃቸው አላስችል ብሏቸው የሳጥኗን ሶኬት ይነቅላሉ።

«ጋሽ ሙሐዲን፣ ደግሞ ነቀሉት? ማሽኑም ጁምዓ ይሄዳል እንዴ?»

«ይረፍ እንጂ ልጄ። አንቺስ እሁድ ታርፊ የለ?»

እየሳቀች መልሳ ትሰካዋለች።

አንድ አርብ ነቅለው ወጡ፤ የጎረቤት ጀናዛ ገጥሟቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ሚልካም ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፈቃድ ወጥታ ነበር። ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ኮምፒውተር ሁሉ ተቆልፎ ተገኘ።

«ሌባ በኢንተርኔት ገብቶ ቆልፎት ነው» አለች ሚልካ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «የገባውም በራሱ በባክአፑ ነው። ፕሮግራሙ ቀዳዳ ነበረው። ሠሪዎቹ መድፈኛውን ከላኩልን ሁለት ሳምንት አልፏል። እኔ ነኝ፣ ነገ ነገ ስል...»

«ዘበኛው ራሱ በሩን ከፈተ በይኛ!»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረቀቱ የለ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ ቢሉ ምስክሩ ማነው? ፀሐዬን እንደሆነ አፈር በልቶታል።

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«ሳጥኗ ነበረች። ግን የተያያዘውን ሁሉ ነው የቆለፉት፤ እሷም...» ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። ሶኬቱ መሬት ላይ ወድቋል። «አርብ...»

«ነቅያለሁ» አሉ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ሚልካ ሳጥኗን ሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከፈተቻት። ስማቸው ወጣ፤ የተቀጠሩበት ቀን እንኳ አልጎደለም።

«እስቲ ፀሐዬን ፈልጊልኝ» አሉ። እሱም አለ። ስሙን ሁለቴ አነበቡት።

በሚቀጥለው አርብ ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር። ጋሽ ሙሐዲን ኮፍያቸውን አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ሶኬቱ ሲያጎነብሱ ሚልካ፣ «ይሂዱ፣ እንዳይዘገዩ። እኔ እነቅላለሁ» አለች።

በሩ ላይ ቆሙ። መነጽር የላትም እንጂ...

«ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?»

«የለም» አሉ።

ያን ቀን መስጊድ የደረሱት የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ከተጀመረ በኋላ ነው።