ዐሥራ ዘጠኝ መከር በሚስተር ቴሽ ጎን

ዌንደል ፕሩሳክ ስለ ሚስተር ቴሽ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ቢጻፍ አንዲት ፖስታ ካርድ አይሞላም ነበር፤ ያውም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ መከር በመጣ ቁጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤልፎርጅ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ላስቲክ ተጠልለዋል፤ ከአንድ ከረጢት ለውዝ እየፈለፈሉ በልተዋል። ሰውየው የት እንደሚኖሩ፣ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን ዌንደል ጠይቆ አያውቅም። አፋር ነው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል፤ ደንበኛ ሲገባ ቀድሞ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን መሳቢያው ላይ ያቀረቀረ ራሰ በራውን ነው።

የሚያውቀው ይህን ብቻ ነበር። ስማቸው ኦርቪል ቴሽ ይባላል። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያው እየተጠጋ ነው። ከጠርሙስ ፋብሪካው ጡረታ ወጥተዋል። እጃቸው አካፋ ያህላል። ዐይናቸው ደግሞ ደክሟል። ዌንደል ዐይናቸው መድከሙን ያወቀው በራሱ ምርመራ ነው፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትበር እሳቸው ወደ ግራ ያያሉ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ሲጮህ ወደሱ ዘወር ብለው «ስንት ሄዱ?» ይላሉ። እሱም ጎንበስ ብሎ «ዐሥራ ሁለት ያርድ፣ ሚስተር ቴሽ» ይላቸዋል። ለዚህ በጎ ሥራው ሰማይ ቤት ትንሽ ነገር ሳይያዝለት እንደማይቀር ያምን ነበር።

እኛ የቤልፎርጅ ደጋፊዎች አንድ አመል አለን። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» እንላለን፤ ሲሸነፍ «ተሸነፉ»። ስለዚህ የዌንደል ሚስት ኮሪን ውጤት ጠይቃ አታውቅም። ቅዳሜ በሩን ከፍቶ ሲገባ «እህስ? ዛሬ የተጫወታችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ እነሱ?» ትለዋለች። «እነሱ» ካላት ሾርባ ታሞቅለታለች እንጂ ሌላ ቃል አትጨምርም። ዘንድሮ ሾርባ በሽ በሽ ነበር።

ቡድናችን መዶሻዎቹ ይባላሉ፤ ዘንድሮ ግን ምስማሩ እነሱ ሆነው ነው የከረሙት። የነበረን ሀብት አንድ ማሎይ ነው። ማሎይ ኳርተርባካችን ነው፤ ኳሷን ተቀብሎ፣ ሜዳውን በዐይኑ ለክቶ የሚወረውር፣ የቡድኑ ጭንቅላት። ከፊቱ አምስት ግንድ የሚያካክሉ ልጆች ይቆማሉ። ሥራቸው መከታ መሆን ብቻ ነው፤ ኳሷን ሳይነኩ ይመረቃሉ። ዘንድሮ ግን መከታ መሆናቸውን የነገራቸው ሰው የለም መሰለኝ፣ ባላጋራ እንደ ገበያተኛ በመካከላቸው ያልፍ ነበር። ከኛ ኋላ የምትቀመጠው ዶሎሬስ ክሩፓ፣ ማሎይ በወደቀ ቁጥር «እናቱ ያን ማሊያ በምን ሳሙና እያጠበችው ይሆን?» ትላለች። አፏ የማያርፍ፣ የማታውቀው የሰው ታሪክ የሌለ ሴት ናት።

በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ፣ የድሮ ተማሪዎች በሚመጡበት ቀን፣ ሜዳው ጢም አለ። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማሎይ ሦስት ጊዜ መሬት ሳመ፤ ሦስቱም ጊዜ በግራ ጫፍ፣ ከአምስቱ መከታዎች አንዱ በሆነው በሰባ አራት ቁጥር በኩል በመጡበት ሰዎች። ዌንደልን ምን እንደነካው እሱም አያውቅም። በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም፤ ሌላው ሲጮህ ከንፈሩን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ያን ቀን ግን ብድግ አለና፦

«ሰባ አራት! በር ነህ እንዴ? ስትከፈት እንኳ ሲጢጥ በልልን!»

ረድፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶሎሬስ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። «ዌንደል! አፍ አለህ ለካ!» ከታች የተቀመጠ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዞሮ አውራ ጣቱን አነሣለት። ዌንደል ተቀመጠ፤ ጆሮው ጋለ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆኖ ታየ። እናም ሰው መሆን ያልለመደ ሰው እንደሚያደርገው ደገመው። «ማጠፊያውን ዘይት ቀብተኸዋል!» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ «እኔ ጋ ና፣ መቀርቀሪያ በቅናሽ አለን!» ብሎ የሱቁን ስም ጨመረበት። አሁንም ተሳቀ። ሚስተር ቴሽ ለውዛቸውን እየፈለፈሉ ነበር።

ቀጥሎ ኳሷ ለማሎይ ደረሰች። ወደ ቀኝ እያየ ሳለ በግራው፣ ጀርባውን በሰጠበት በኩል፣ አንድ ሰው ሙሉ ሩጫውን ይዞ መጣበት። የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ማሎይ አልተነሣም። የተጎዳ የምታነሣው ትንሿ መኪና መጣች፤ ልጁ ቀኝ ክንዱን በግራው አቅፎ ተጭኖ ወጣ። ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ «ገደሉት! ገደሉት!» አለ። ይህን የሚሉት ቅድም ሲስቁ የነበሩት ናቸው። ዌንደልም «ገደሉት» አለ፤ ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ።

ሚስተር ቴሽ ተነሡ። የሚቀመጡባትን ትራስ አጠፉ።

«አሳልፈኝ ልጄ» አሉት።

«ሚስተር ቴሽ፣ ከአራቱ ሩብ ገና ሁለተኛው ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሰዓቱ ይታየኛል።»

የለውዙን ከረጢት አግዳሚው ላይ ትተውት ወረዱ። በረዶ ሲጥል እንኳ ጨዋታ ሳያልቅ ሄደው አያውቁም። ዶሎሬስ ከኋላ ጎንበስ ብላ በጆሮው፦

«ምነው ዌንደል? ሰባ አራት ቁጥር የሳቸው ነበር እኮ! በልጅነታቸው፣ እዚሁ ሜዳ ላይ፣ ያችኑ ግራ ጫፍ ሦስት ዓመት የያዟት እሳቸው ናቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም!»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጥከው አንተ፣ የምነግርህ እኔ?»

ቤት ሲገባ ኮሪን እንደ ልማዷ ጠየቀችው። «እህስ? እናንተ ወይስ እነሱ?»

«እኔ» አላት። ሾርባው የተጣደበትን እሳት አጠፋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታቸው ባዶ ነበር። ዌንደል መጀመሪያ ካፖርቱን አስቀመጠበት፣ ኋላ ነውር መሰለውና አነሣው። የማሎይ ተተኪ ኳሷን እንደ ትኩስ ድንች ነበር የሚይዛት። ጨዋታ በቆመ ቁጥር ዌንደል ወደ ጎኑ ጎንበስ ብሎ «አራት ያርድ» ይላል።

«ለማን ነው የምትናገረው?» አለች ዶሎሬስ።

«ለማንም።»

«በሳቸው ዕድሜ አንዴ ከመቀመጫው የተነሣ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም፤ አባቴም እንደዚያው ነው የሆነው» አለችና ቋሊማ ልትገዛ ሄደች። ዌንደል ያን ዕለት ለውዝ አልበላም። ሚስቱ ብትጠይቀው አያምንም እንጂ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከሷ ቀጥሎ ብዙ ሰዓት አብሮት የተቀመጠ ሰው ቢቆጠር ሚስተር ቴሽ ነበሩ። በሜዳችን የቀረው ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አድራሻቸውን ከሱቁ የደንበኞች መዝገብ አገኘ። ባዶ እጅ መሄድ ከበደው። ኮሪን በቤተ ክርስቲያን የሐዘን ኮሚቴ ውስጥ ስላለች ፍሪዘራቸው ሁልጊዜ ለሞተ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ድንች በቺዝና በክሬም የተጋገረ፣ በፎይል የተሸፈነ፣ ተደርድሮ። ቤት ሄዶ አንዱን መዝዞ ምድጃ ውስጥ አሞቀውና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሚስተር ቴሽ ቤት አመራ። በኛ ከተማ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ ወደ ሰው በረንዳ መውጣት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ዌንደል የሃምሳ አራት ዓመት የቤልፎርጅ ሰው ሆኖ ይህን ማሰብ ነበረበት። አላሰበም። ከማዶ የሚስተር ቴሽ ጎረቤት ሚስስ ላንዲስ መጋረጃዋን ገለጥ አደረገች።

ሚስተር ቴሽ ራሳቸው ከፈቱ። ትሪውን አዩና ፎይሉ ላይ የተለጠፈችውን ካርድ አነበቡ።

«'እግዚአብሔር ያጽናችሁ'። ማን ሞተ?»

ዌንደል ካርዷን ያያት ገና ያኔ ነው። «ማንም አልሞተም ሚስተር ቴሽ። ድንች ነው።»

«ቀድማችሁ ነው ያመጣችሁልኝ? ግባ፣ ሳይበርድ።»

ወጥ ቤት ተቀመጡ። ዌንደል ከቤቱ እስከዚያ ድረስ ያጠናው ንግግር ነበረው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የዚያን ቅዳሜ... ጥሩ አልተናገርንም። ይቅርታ ልንጠይቅ...»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ማለቴ... እኛ፣ ደጋፊዎቹ።»

«እኔም ደጋፊ ነኝ። አፌን አልከፈትኩም።»

ዌንደል ጠረጴዛውን አየ። «እኔ ነኝ» አለ። «ጥሩ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ በል እንጂ» አሉና ሹካ ሰጡት። ትንሽ ከበሉ በኋላ፦ «ማሎይ ሲመታ ምን አየህ?»

«ሰባ አራት ቁጥር ሲያሳልፈው።»

«አላየህም። ኳሷን ነበር የምታየው።»

«ኧረ ሁሉም ሰው ኳሷን ነው የሚያየው።»

«እኔ ኳሷን አይቼ አላውቅም» አሉ ሚስተር ቴሽ። «ስንጫወትም አናያትም፤ ከኋላችን ናት። ለዚህ አይደል ስንት ሄዱ እያልኩ አንተን የምጠይቅህ።»

ዌንደል ሹካውን አስቀመጠ። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በጎ ሥራው ከሰማይ ቤት መዝገብ ሲፋቅ ተሰማው። «እኔ ደግሞ ዐይንዎን የሚያምዎት መስሎኝ...»

«ዐይኔን? ከዚህ ሆኜ የሚስስ ላንዲስን አፍንጫ መጋረጃው ላይ አየዋለሁ። ተነሣ።»

«እንዴ?»

«ተነሣ እልሃለሁ። ያ ፍሪጅ ማሎይ ነው። እኔ ሰባ አራት ነኝ። ናና ምታው።»

«ሚስተር ቴሽ፣ በዕድሜዎ...»

«ያንተን ዕድሜ አስብ።»

ዌንደል እያፈረ ተንደረደረ። አካፋ የሚያህል እጅ ደረቱ ላይ አረፈ፤ እግሩ የት እንደረገጠ ሳያውቅ ዞረና ራሱን ከምድጃው ጋር ፊት ለፊት አገኘው። የማሎይ ፀጉር እንኳ አልተነካም።

«ፍሪጁ ደህና ነው?» አሉ ሚስተር ቴሽ፣ ትንፋሻቸው እንኳ ሳይፋጠን።

«ደህና ነው።»

«አሁን ሁለት ሁንና ና።»

«እንዴት ብዬ ሁለት እሆናለሁ?»

«እሱን ነው የምልህ! ልጁ ላይ ሁለት ናቸው የመጡበት። ሕጉ የቅርቡን ያዝ፣ የሩቁን ተው ነው። የቅርቡን ያዘ፤ እንደ ችካል ያዘው። የሩቁን መያዝ የነበረበት ከማሎይ ጎን የሚቆመው ሯጭ ነው። ሯጩ የት ነበር?»

«አላየሁም።»

«ማንም አላየም። ሁለት ሺህ ሰው የሚያየው የሚወድቀውን ነው። ከዚያ እጁ ላይ ሰው ይዞ የቆመውን ልጅ ይሰድባል።» ተቀመጡ። አሁን ትንሽ ትንፋሽ አጠራቸው። «ዘጠነኛው ረድፍ ቅርብ ነው፣ ሜዳው ውስጥ ይሰማል። ሁሉም ነገር ይሰማል። የሱቅህን ስም ሳይቀር።»

ዌንደልም ወንበሩ ላይ ተመለሰ። «ስቀውልኝ ነበር» አለ። «ከዚያ በፊት ሰው ስቆልኝ አያውቅም።»

ሚስተር ቴሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሩ ጥሩ ነበር» አሉ። «መቀርቀሪያው አልጣመኝም።»

በመስኮቱ ሚስስ ላንዲስ ታየች። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች፤ በሁለት እጇ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛ መንገዱን እያቋረጠች ነው። ከኋላዋ ሌላ ሴት ኬክ ይዛ ከመኪና ትወርዳለች።

«አየህ ያመጣኸውን» አሉ ሚስተር ቴሽ። «አሁን ከነሕይወቴ ወጥቼ ላስተዛዝናቸው ነው።»

«ሚስተር ቴሽ» አለ ዌንደል፤ ሴቶቹ በሩ ላይ ሳይደርሱበት ሊጠይቅ ፈልጓል። «ቅዳሜ ይመጣሉ?»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፤ አዩት።

«እመጣለሁ ብልህ አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ። አልመጣም ብልህ ያንን ልጅ በር ስትለው ትውላለህ። እሱን አልነግርህም ልጄ» አሉና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።