ከተውኔት ወደ ባሌ

የያዙኝ ልምምድ ላይ ሳለን፣ በባዶ እግሬ ነበር። ጫማዬ ነቀምቴ፣ የምንለማመድበት አዳራሽ በር ላይ ቀረ። ስለዚህ የእስር ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በውስጥ እግሬ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። ሦስት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

"በምን ገባሽ፣ የኔ ዓለም?" አሉኝ ትልቋ፣ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ የሲሬ ነጋዴ።

"በባሌ።"

"ወይ ወንዶች! እኔንም ያስገባኝ ባሌ ነው።"

ሌሎቹ ሳቁ። ያለ ቃል ታሪክ የሚነግር ዳንስ ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ጠራኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ አንድ ንጉሥ አወዳደቅ የተጻፈ የድሮ ቲያትር ወደ ዳንስ እየለወጥኩ ስለነበር ሽፋኑ ላይ "ከተውኔት ወደ ባሌ" ብዬ ጽፌያለሁ። ውስጡ ደናሾቹ የሚንቀሳቀሱበትን የሚያሳይ ቀስትና ቁጥር ነው።

"ኢንታላ ኮ፣ እንደ ልጄ ነሽ፤ አትፍሪ" አለኝ። "ተውኔት ማን ናት?"

አልገባኝም።

"መልእክቱ ከእሷ ነዋ። ባሌ ሆኖ የሚቀበላትስ ማን ነው?"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

"አይ ኦቦ፣ ተውኔት ቲያትር ማለት ነው። ባሌም አገሩ አይደለም፤ ዳንስ ነው።"

"ቲያትር ከሆነ ቃሉ የታለ?"

"ቃል የለውም።"

"የት ደበቃችሁት?"

ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ። "ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የሰጠሻቸውን ሰዎች ስም ጻፊ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ስድስቱ የሚደንሱልኝ ልጆች ናቸው። እኔ ስያዝ በጓሮ በር አምልጠዋል። ቤቴን አሰብኩ። ከቁጥር አንድ አጠገብ የልጅቷን ስም ጀምሬ "ጫ" ብዬ ጻፍኩ።

ፊደሏን ሳያት ደነገጥኩ። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አጠቆርኳት። ከዚያ ከአንድ እስከ ስድስት የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩ።

"ሁሉም አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"አልሰማሁም።"

"አዎ! ሁሉም እኔ ነኝ።"

እንዲያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

ዛሬ ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጀግና ይሉኛል። በተለይ ቁጥር አንድ የነበረችው አንገቴን አቅፋ ቶሎ አትለቀኝም። ስለዚያች ፊደል ልነግራት አስባለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።