ከውጤቱ በፊት የገባ ስእለት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ሁላችንንም ሐይቁ ዳር ካለ አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ጭንቀት ሥልጠና አሰጠን። አሠልጣኟ ለልጅነት የምትደርሰኝ ወጣት ናት። ጭንቀትን ለመቆጣጠር መጀመሪያ ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋል አለችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ። ባልደረቦቼ የሻይ ዕረፍቱ መቼ እንደሆነ ይንሾካሾካሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከሰሌዳው መንቀል አቃተኝ። የተጻፈውን ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት እህቴ ላይ አይቼዋለሁ።

እናትነሽ ትባላለች፤ በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነው የምላት። ያኔ ሐይቁ አጠገብ፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ነበርን፤ አባታችን አስተማሪ ነበር። እታለም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ስትል እናቴ ልጄ ካለፈችልኝ ብላ ዘጌ ላለ አንድ ገዳም ጃንጥላ ተሳለች። መሳሏ ክፋት የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሳላል። ጥፋቷ መቸኮሏ ነበር። ስእለት የሚገባው የለመኑት ከሰመረ በኋላ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እሷ ግን «እምነት ያለው አስቀድሞ ያመሰግናል» አለችና ጃንጥላውን ገዝታ መጣች።

ቀይ ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። እናቴ ምስማር መትታ እታለም ከምታጠናበት ጠረጴዛ በላይ ሰቀለችው። ጎረቤት ሊያየው ይመጣል፤ ጃንጥላውን አድንቆ ሲያበቃ ወደ እህቴ ይዞራል። «አይዞሽ፣ አንቺማ አታሳፍሪንም!» በቀን ስንት አይዞሽ እንደምትሰማ እንጃ። አይዞሽም ሸክም እንደሚሆን የገባኝ ከሸበትሁ በኋላ ነው። ማንጎ ነፍሷ የሆነ ልጅ፣ ግንቦት ገብቶ ሰፈሩ ማንጎ በማንጎ ሆኖ ሳለ፣ አንዱን በእጇ ይዛ ሳትልጠው ትውላለች። እናቴ «ጥናት ነው ያከሳት» እያለች ትኮራባታለች።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ድፎ ዳቦ ተይዟል። ጃንጥላውን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ቀን ብዬ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ተኩሼዋለሁ። እታለም ጀልባው ዳር ተደፍታ አስመለሳት። ሴቶቹ «ጀልባው ነው» አሉ። ሐይቁ ዳር ያደገችን ልጅ በዚያ ጸጥ ባለ ውኃ ምን አስመለሳት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ ገዳሙ የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ዛፎች መሐል ያልፋል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር አፈሩ ይሸታል። እታለም ወደ ኋላ ቀረት አለችና ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ለእማየ ንገሪልኝ» አለችኝ። «የሙከራ ፈተናው ቀን ወረቀቱን ሳየው ፊደሉ ሁሉ ጠፋኝ። ስሜን ብቻ ጽፌ ወጣሁ። ዘንድሮ ይቅርብኝና ለከርሞ ልፈተን። እኔ ልነግራት ስል አፌ ይያዛል።»

«እሽ» አልኋትና ሮጥ ብዬ እናቴ ዘንድ ደረስሁ። እናቴ ሳቀችልኝ፣ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። አልነገርኋትም። ብነግራት ጃንጥላው ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይመለሳል፤ እኔም ሰው እያየኝ ዘርግቼው ሳልገባ ልቀር ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ብፈልግ አላገኘሁም። እታለም ከኋላ ደርሳ «ነገርሻት?» አለችኝ በሹክሹክታ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «እምቢ አለች?» አሁንም ነቀነቅሁ።

ከደጁ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀበሉን።

«ምን ሰምሮላችሁ ነው?»

«ልጄ ፈተና ልታልፍልኝ ነው፣ አባ።»

«ውጤቱ መጣ?»

«የለም፣ ገና ልትፈተን ነው። በእምነቴ አስቀድሜ ነው።»

መነኩሴው ፈገግ አላሉም። «ስእለት ከሰመረ ወዲያ ነው፣ ልጄ። ይዘሽው ተመለሺ፤ ሲሰምር ታመጪዋለሽ።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩ። «ተፈታኟ አንቺ ነሽ? አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እታለም አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ተናገሪልኝ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ታልፋለች፣ አባ!» ብዬ ጮህሁ።

እልልታው ቀለጠ። እታለም አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች። መነኩሴውም ምን ያድርጉ፣ ጃንጥላውን ተቀበሉን።

በፈተናው ቀን ረፋድ ላይ ሁለት መምህራን ደግፈው ቤት አመጧት። ወረቀቱ ላይ ስሟን እንኳ አልጻፈችም። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ጎረቤት ስንፍና ነው አለ። ጭንቀት ያለ ግን የለም። ክረምቱ ሳይወጣ እታለም ወረታ አክስታችን ዘንድ ሄደች፤ ሱቅ ስትሸጥ ኖረች፤ ደብተር ዳግመኛ አልገለጠችም። ለእናታችን ድምፅዋን እንኳ ነፈገቻት። እናቴ በታመመች ጊዜ እጄን ይዛ «ምን በድያት ነው ልጄ እንዲህ የጠላችኝ?» ትለኝ ነበር። «እንጃ» እላት ነበር። ሳይገናኙ ተቀበረች።

አንዳንዱ ጭንቀት አንድ ሰው ቢናገርለት የሚቀልል ነው። ይህን እያሰብሁ ከአዳራሹ ወጣሁና ለእታለም ደወልሁላት። ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ስለ ኑሮው ተማረርን። ከዚያ እንደምንም ብዬ «እታለም፣ ያን ቀን ዘጌ...» አልሁ።

አላስጨረሰችኝም። «ተይው እህቴ» አለችኝ። «እማየ ናት ያስጮኸችሽ፣ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ጭንቀቴን ለእማየ የተናገርሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንድም ቀን አልረሳሁልሽም።»

«እሽ» አልኋት።