የአክስቴ ሠርግ ወፍ

ዛሬ አቢጃታ ሐይቅ ዳር ሮዝ ወፎች ሳይ፣ ሐይቁን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቅሁ። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለች አንዲት ወፍ ሰቆጣ መጥታ፣ ኩሬያችን ላይ አርፋ ነበር፤ ያውም በአክስቴ ሠርግ ቀን! እግሯ ከሚዜዎቹ ይረዝማል፤ አንገቷን ብትዘረጋው ላሊበላ ትደርሳለች። የዳሱ ሰው ሁሉ ሊያያት ወጣ።

አያቴ ከዘራቸውን ወደ ኩሬው ቀሰሩ። «የወፍ ገድ የሚታወቀው በስሟ ነው። ስሟን ሳናውቅ ሙሽራ አናስወጣም!»

«አባባ፣ ሽመላ ናት ይበሉና ልሂድ» አለች አክስቴ እያለቀሰች።

«ሽመላ በርበሬ ውስጥ ትነከራለች? ቀለሟን እያት!»

ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ መሸ። ወፏ በረረች። ሊወስዳት የመጣው ሙሽራም ተቆጥቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ለአክስቴ ደወልኩላት። «አክስትዬ፣ ስሟን አገኘሁት! ፍላሚንጎ ትባላለች!»



«ገዷስ? ደግ ነው ክፉ?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ወፎቹ አዞርኩና፣ «እናንተው ንገሯት!» ብዬ ጮህኩ።